የእናትሽን ስም ጻፊበት

ጋሽ ሽፈራው ማረፋቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ስልኩን አንስቼ ገና «አቤት» ሳልል ለቅሶዋን ሰማሁ። በነጌሌ፣ በወደራና በሞያሌ የምትገኙ ወዳጆቻቸው ሁሉ፣ በለቅሶው ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ ወጥቻለሁ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አይሆንልኝም፤ ያልተናገርኩትን እነሆ ጻፍኩ።

አባታቸው ወታደር ሆነው ነጌሌ ሲመደቡ፣ ጋሽ ሽፈራው በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ቀሩ። መናኸሪያው አጠገብ በታይፕራይተር የጀመሩትን የጽሕፈት ሥራ በኋላ በኮምፒውተር ቀጠሉት። ከሊበን ገጠር ማመልከቻ ሊያጽፉ የሚመጡ ሽማግሌዎችን «አካም፣ ናጋ?» ብለው ይቀበሉና ጉዳያቸውን በኦሮምኛ ያዳምጡ ነበር። የጻፉትንም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸዋል። ባለጉዳዩ ራሱን ካልነቀነቀ አያትሙም።

ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው እርሳቸውን ሳያማክር አይገዛም ነበር። ልማዳቸውን ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ ስለ ማሽኑ ምንም ከመጠየቃቸው በፊት «የእናትህን ስም ጻፍበት» ይሉ ነበር፤ ሰውየው ሊጠቀምበት ባሰበው ፊደል ሁሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሌላ ነገር ሲጣመም ዝም እንላለን። የእናቱ ስም ተጣሞ ዝም የሚል ግን የለም» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቻይንኛ ማጥናት ስጀምር የራሴ ኮምፒውተር አልነበረኝም። የቤት ሥራዬን በጓደኞቼ ኮምፒውተር እየጻፍኩ ከክፍሉ ወደ ኋላ ቀረሁ። ቤተሰቤ ጊደር ሸጦ ሊገዛልኝ ወሰነ። ሌላ የሚሸጥ ከብት ስላልነበረን ምርጫው ከተበላሸ ትምህርቴም አብሮ መበላሸቱ ነው።

አጎቴ ቦሩ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ወደ ሞያሌ ይዞን ሄደ። ጋሽ ሽፈራው ወገባቸውን እያመማቸው አብረውን መጡ። እዚያ ያለው የኮምፒውተር ነጋዴ ቀጭን፣ ብርማ ላፕቶፕ ሲያወጣ አጎቴ ልቡ ተሰረቀ።

«በቃ፣ ይሄው ነው! እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል» አለ። ከጎኑ ወዳለው ወፍራም ጥቁር ላፕቶፕ እያመለከተም «ያ ደግሞ ምንድነው፣ ወፍጮ ነው?» ሲል ነጋዴው ሳቀ።

ጋሽ ሽፈራው ቀጭኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ዳኪን ጻፊያት» አሉኝ። ዳኪ እናቴ ናት። በአማርኛ ወጣች፤ በኦሮምኛው ቁቤም ወጣች። በቻይንኛ ስሞክር ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደረደሩ።

«ፊደል ስለጎደለው ብቻ ዕቃ አይጣልም» ብለው ፍላሽ ከኪሳቸው አወጡና የቻይንኛውን ፊደል መጫን ጀመሩ። ቀጭኑ ግማሽ መንገድ ሄዶ ደርቆ ቀረ፤ ቦታ አልነበረውም። ጥቁሩ ግን እያጓራም ቢሆን ጫነው። ስሙን ጻፍኩበት።

«ትክክል ነው?» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። አጎቴ «ቀጭኑ ይሻላል። የጎደለውን አዲስ አበባ ያስተካክሉላታል፤ አይደል ልጄ?» አለ። እርሱ ያለውን ተቃውሜ አላውቅም።

ጋሽ ሽፈራው ስለ እኔ ይናገሩልኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «እኔ ይህን ፊደል አላውቀውም። ዳኪ ይበል፣ ዱባ ይበል፣ በምን እለየዋለሁ? የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ንገሪን» አሉ። ከዚያም ጠበቁኝ። ነጋዴውም አጎቴም ወደ እኔ ዞሩ።

«አይሆንም አጎቴ» አልኩ። ድምፄን እኔ ራሴም በደንብ አልሰማሁትም። «ትክክል የጻፈው ጥቁሩ ነው። ጥቁሩን ነው የምፈልገው።»

«ቦሩ፣ ሰምተሃል!» አሉ ጋሽ ሽፈራው ብድግ ብለው። «በል ወፍጮዋን አስጭን።»

አጎቴ እስከ ነጌሌ ድረስ በወፍጮዋ ሲያሾፍ መጣ፤ እርሳቸውም «እህል አምጡላት» እያሉ አሳቁት።

ዛሬ አስተርጓሚ ነኝ። ሁለት ወገኖች ሲነጋገሩ መካከል ተቀምጬ «ይህ እንዲህ አልተባለም» ማለት የየዕለት ሥራዬ ነው። አሁንም ዓይን አፋር ነኝ፤ ግን እናገረዋለሁ።

ጋሽ ሽፈራው፣ ይህን የጻፍኩት በወፍጮዋ ነው። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ሲሰካላት ግን ትነሣለች። ከመዝጋቴ በፊት እንደ ልማድዎ አደረግሁ፤ ከእናቴ ስም ቀጥሎ የእርስዎን ስም በአማርኛ፣ በቁቤና በቻይንኛ ጻፍኩ። ናጋቲ፣ በሰላም ይረፉ። ቻይንኛውን ማንበብ ባይችሉም አይስጉ። ትክክል ነው፤ የምነግርዎ እኔ ነኝ።