የክትፎው ምሳ ዕቃ

ኤጭ! ዛሬም ክትፎ ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ጉራጌ ሆኜ፣ እስቲ ይታያችሁ!

በ2007 ዓ.ም. ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስንማር የወልቂጤዋ ሰልሚያ ከኔ በላይ ካለው አልጋ ላይ ትተኛ ነበር። ሳቂታ፣ በሒሳብ የሚደርስባት የሌለ ልጅ። ዑመይር ከተባለ ግን አለቀላት! የቡታጅራ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አሳይመንቱን ሁሉ የምትሠራለት እሷ ነች።

ለአረፋ አገሩ ገብቶ ሲመለስ ለብለብ ክትፎ ከነቆጮው በምሳ ዕቃ ሙሉ አመጣላት። "ከቤት ነው" አላት፤ ሌላ ቃል የለም። እሷ ክንፍ አወጣች። "እናቱ ናት የላከችልኝ! ነግሯታል ማለት ነው!" እልል ብለን በላን። እኔማ ጣቴን ሁሉ ልሻለሁ። ዕቃ ደግሞ ባዶ አይመለስም፤ ለእናቱ ብላ ተምር ሞላችበት።

ዑመይር ግን ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳ አለ። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጅ ሰፍያ ከቡታጅራ መጥታ ነገሩን አፈረጠችው። "አልሰማችሁም እንዴ? በአረፋ ኒካ አሰረ እኮ!" ክትፎ እንዳመጣ ስንነግራት "እሱም የኒካው ነው፤ እኔም እዚያው በልቻለሁ።"

የሳምንት ክትፎ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ለፍቅረኛው የሠርጉን ትራፊ የሚያበላ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

የባሰ ያንገሸገሸኝ ደግሞ የሷ ነገር ነው። አንድ ቀን እንኳ "ምን ዓይነት ሰው ነው?" አላለችም። ጠዋት ማታ "ምን ጎድሎኝ ነው?" ብቻ። "ሊነግረኝ ጨንቆት ነው" እያለች ጠበቃ ቆመችለት። ክፍል መግባት ተወች። ፈተና ደርሶ እሷ ምሳ ዕቃውን አቅፋ ትተኛለች፤ "ለእናቱ ሳደርስላት ታስታርቀናለች" እያለች።

"አንቺ ልጅ፣ ጨው ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ!" ብዬ ጮህኩባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በመጨረሻ ራሱ የሴቶች ዶርም በር ድረስ መጥቶ አስጠራት። ምሳ ዕቃዋን ይዛ እየሮጠች ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት።

"ያንን ምሳ ዕቃ ፈልጌ ነበር" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

"እናትህ ናት የጠየቀችህ?"

"አይ… የከድጄ ነው። የባለቤቴ። ከዕቃዬ አንዱ ጎደለብኝ አለች።"

ሰልሚያ ክዳኑን ከፍታ ተምሩን ሻርፔ ላይ ገለበጠችና ባዶውን አስታቀፈችው።

"'ክትፎሽን ሰልሚያ በልታዋለች' በላት" አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። እኛ ተምራችንን እየበላን ለፈተናው ልናነብ ወጣን።