ከብስክሌት የመውረድ ነገር

እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ። እናቴ ትል እንደነበረው ስወለድም አዋላጇ እስክትደርስ አልጠበቅሁም። እንዲህ ያለ ሰው ዳንግላ ላይ አስተማሪ ሆኖ፣ በቆሰበር መንገድ በኩል ካለ መንደር በየቀኑ ሲመላለስ፣ በዚያ ላይ መንገዱ ሰላምታ በማይጠግቡ ሽማግሌዎች ሲሞላበት ምን ያህል እንደሚያር መገመት አያዳግትም።

ጊዜው የሃምሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነበር። ባልንጀሮቼ አስተማሪዎች ሁሉ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። እኔም መጀመሪያ ላይ ተከራይቼ ነበር። አባቴ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እህቴ ጥሊሊ ተድራለች፤ እናቴ ግን የአባቴን ቤት ዘግታ ከተማ መግባትን እንደ ውርደት ነበር የምታየው። ቀን ቀን ከወንድ የማታንስ ብርቱ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ጎረቤታችን ለገበያ መጥታ ስታገኘኝ፣ እናቴ እኔ ከወጣሁ ወዲህ እሳቷን እያነደደች ቁጭ ብላ እንደምታነጋ ነገረችኝ። ብቻዋን ስትሆን እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። በነጋታው ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ችግሩ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነው። የሰዓት ሰው ነው። እጁ ላይ ያለውን ሰዓት ከእኛ ፊት ይልቅ አዘውትሮ ያየዋል። ባንዲራ ሲሰቀል አስተማሪ ከሰልፉ ፊት መቆም አለበት፤ እኔ ደግሞ በእግሬ ገስግሼ ስደርስ ብዙ ጊዜ ባንዲራው ጫፍ ላይ ወጥቶ ይውለበለባል። ከተማ እንድገባ ደጋግሞ መከረኝ። ክፉ ሰው ስላልነበረ እሺ እያልኩ አሳልፈው ነበር። በዚህ መሃል ከጤና ጣቢያው ወደ ሌላ አገር የተዛወረ አንድ ድሬሰር ብስክሌቱን ሊሸጥ መሆኑን ሰማሁና ገዛሁት።

ጥቁር፣ ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ ብስክሌት ነበር። አነዳዱን የተማርኩት መንደራችን አውድማ ላይ ነው፤ ተመልካች አላጣሁም። መውደቅ ሲሰለቸኝ መንዳት ቻልኩ። ሱሪዬን ካቴናው እንዳይበላው ቁርጭምጭሚቴ ላይ በሲባጎ አስሬ፣ የጎማ መንፊያውን ከኋላ ጠፍሬ፣ ከመንደራችን ቀጭን መንገድ ወደ ዋናው ጠጠር መንገድ ስወጣ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው እስከ መሃል መንኮራኩሩ ስለሚይዘው ትከሻዬ ላይ አድርጌው እወጣለሁ። ያን ጊዜ ማን ማንን እንደሚጋልብ አይለይም ነበር።

ሆኖም ብስክሌቱ ከእግሬ ይልቅ አዘገየኝ። ይህን ለማንም ሳወራ አያምነኝም። አገራችን የፈረሰኛ አገር ነው። ፈረስ ወይም በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ሽማግሌ ካገኘ ይወርዳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፤ ለቅሶኛ ካጋጠመውም ይወርዳል። እግረኛ ከሆንክ ጎንበስ ብለህ፣ "እንዴት አደሩ" ብለህ፣ ሳትቆም ታልፋለህ። ከተቀመጥክ ግን ነገር ተለወጠ። ወርደህ፣ ጋቢህን አስተካክለህ፣ ቆመህ ነው ሰላም የምትለው። ስለ እናትህ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ዝናቡ ትጠየቃለህ። በአገራችን ቋንቋ በአውኚ፣ በአገውኛው ማለት ነው፣ ጠይቀው ሲጨርሱ አጠገባቸው አማርኛ ብቻ የሚሰማ ሰው ካለ፣ እሱ እንዳይከፋው ብለው እንደገና በአማርኛ ይጀምሩታል። እኔ ብስክሌቴን በአንድ እጄ ደግፌ፣ በውስጤ እየነደድኩ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ተሰናብቼ ኮርቻው ላይ ወጥቼ ጥቂት እንደገፋሁ ሌላ ሽማግሌ ከፊቴ ብቅ ይላል።

ያልሞከርኩት ዘዴ የለም። ማልጄ ብነሳ ኪዳን የሚሳለሙት ሽማግሌዎች ቀድመውኝ ወጥተዋል። ብስክሌቱ ላይ እንዳለሁ ጎንበስ ብዬ ለማለፍ ስሞክር ሚዛኔን ስቼ ቦይ ውስጥ ገባሁ፤ ሽማግሌው ጎትተው ካወጡኝ በኋላ ሰላምታውን ካቋረጥንበት ቀጠሉ።

አንድ ቀን ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ፍሬኔ ርሷል። ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት ስጀምር ከታች፣ ድልድዩ አፍ ላይ፣ ዳማ ፈረሳቸውን ይዘው የቆሙ ሽማግሌ አየሁ። በእኛ አካባቢ ከሳቸው በላይ የሚከበር ፈረሰኛ አልነበረም፤ የአባቴም ወዳጅ ነበሩ። ፍሬኑን ጨበጥኩት፤ አልያዘም። እግሬን መሬት ለመሬት ጎተትኩት፤ ጫማዬ ተቀደደ እንጂ ምንም አልፈየደም። ደወሌን እያቃጨልኩ፣ ይቅርታ እያልኩ፣ በአፍንጫቸው ሥር ተወርውሬ አለፍኩ። ፈረሱ ደንብሮ በሁለት እግሩ ቆመ። እሳቸው ልጓሙን ይዘው እያዩኝ ቀሩ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ወርጄ ፍሬኑን ሳስተካክል ጊዜ ሄደና ትምህርት ቤት አርፍጄ ደረስኩ። ዳይሬክተሩ ቢሮው አስገብቶ በር ዘጋ። ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳ ካረፈድኩ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ከተማ እንደምገባ፣ ካልገባሁ ሌላ ቦታ እንደሚያዛውረኝ፣ የሚከራይ ክፍልም ራሱ እንደሚፈልግልኝ ረጋ ብሎ ነገረኝ።

ማታ ቤቴ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። አስተማሪው በአባቱ ወዳጅ ፊት ብስክሌቱ ላይ እንደ ተቀመጠ አለፈ እየተባለ ነበር። እናቴ እራት አቀረበችልኝ፤ እሷ ግን አልበላችም።

"ሰው ንቀህ ከምትገባልኝ እኔ ብቻዬን ባድር ይሻለኛል" አለች። "ግባ ከተማ። አሁንማ ለምጄዋለሁ።"

ውሸቷን ነበር። ፊቷን ወደ እሳቱ አድርጋ ስለተናገረች አወቅሁባት። ያን ያህል ያዘንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ እንደ ወትሮው ሽማግሌዎቹ ለሰንበቴ ተሰበሰቡ። የእናቴን ዳቦ ተሸክሜ ገባሁና፣ ገና ሳልቀመጥ፣ ባለ ዳማው እግር ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። ይቅር ለማለትማ አልከበዳቸውም፤ ነገር ግን ጉዳዩ በደንብ ይታይ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ በቶሎ የሚለቅ ሽማግሌ የለም፤ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው እግረኛ ነው ወይስ ፈረሰኛ የሚል ክርክር ተጀመረ።

ቄሱ ኮርቻ ካለው መጋለቢያ ነው አሉ። አንድ ገበሬ ገብስ የማይበላ ነገር እንዴት ከብት ይሆናል ሲል ጠየቀ። ሌላው፣ የሚያሽከረክረው የራሱ እግር ስለሆነ ልጁ እግረኛ ነው፣ ጫማው ትልቅ ሆነ እንጂ አለ። ቄሱ ቁልቁለት ላይስ እግሩን መቼ ያንቀሳቅሳል ብለው መለሱ። በመጨረሻ ዳገት ላይ እግረኛ፣ ቁልቁለት ላይ ፈረሰኛ ይባል ተባለ። እኔ ደግሞ መቆም የሚያቅተኝ ቁልቁለት ላይ ነው። ብስክሌቱ ከአጥር ውጭ ቆሞ ስለነበር ወጥተው የኋላ እግሩን አንስተው አሽከረከሩት፤ ከመሃላቸው ጎበዝ ነኝ ያለ አንዱ ወጥቶበት ሳማው ውስጥ ገባ። ስቀው ስቀው ተመለሱ፤ ፍርዱ ግን እዚያው ቆመ።

ባለ ዳማው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"ለመሆኑ የሚያስሮጥህ ምንድን ነው?" አሉኝ።

እስከዚያች ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ከመናደድ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ዳይሬክተሩ ነገርኳቸው። ከዚያም ሳላስበው የእናቴን ነገር፣ እሳት እያነደደች ማንጋቷን ተናገርኩ። ባለ ዳማው ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

"ሥርዓቱን እኛ አናፈርስም፤ ያባቶቻችን ነው" አሉ። "ግን ያላየነውን ሰው ወረደ አልወረደ ብለን አንከስም። ጠዋት ጠዋት ደወሉን ያቃጭል፤ ስንሰማ ፊታችንን እናዙር። እኛ አንገታችንን ብናዞር ምን ይጎድልብናል? እሷ ቤት ግን ሲመሽ ሰው ይጎድልባታል።"

ቄሱ ሳይቀሩ ይሁን አሉ። ማታ ስመለስ ግን እንደ ሰው ልጅ ወርጄ ሰላም እንድል ተስማማን።

ሰኞ ጠዋት ቤት ለቤት ወሬው ተዳርሷል። ከቀጭኑ መንገድ ወጥቼ ደወሌን ሳቃጭል ፊት ለፊቴ ይመጡ የነበሩት የመጀመሪያው ሽማግሌ ቀጥ ብለው ቆሙና የቀርከሃ አጥሩን ሊገዙት እንዳሰቡ ሁሉ ይመረምሩት ጀመር። ቄሱ ዳዊታቸውን ገልጠው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ዞሩ። እንጨት የተሸከሙ ባልቴት ሸክማቸውን ይዘው ሊዞሩ ሲንገዳገዱ አይቼ ልወርድ ስል፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ "እለፍ፣ እኔ አላየሁህም" አሉኝ። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ባለ ዳማው እዚያው ድልድዩ አፍ ላይ ነበሩ። ጀርባቸውን ሰጥተው ወንዙን ያያሉ፤ የፈረሳቸውንም አንገት አቅፈው አብረው አዙረውታል። እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ ሳላውቅ አለፍኳቸው።

ትምህርት ቤት ስደርስ ልጆቹ ገና መሰለፋቸው ነበር። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ስለ ክፍሉ ኪራይ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንስቶብኝ አያውቅም።

ማታ ማታ በጠዋት ያላዩኝ ሁሉ ያዩኛል። ለእያንዳንዳቸው እወርዳለሁ፤ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም በሁለቱም ቋንቋ እመልሳለሁ፤ ርቦኝም ቢሆን አልቸኩልም። ቤቴ ስገባ እናቴ በልታ እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ ትንሽ ተጫውተን ከእኔ ቀድማ ትተኛለች። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ በአባቴ ቤት አንድም ሌሊት ብቻዋን አላደረችም።