ከወዲያም የሚያሳይ መስኮት

የማተሚያ ቤቱ ቀለም ቀማሚ ቀይና ቢጫ ሲያዋህድ እጁ አይንቀጠቀጥም። ኃላፊው ሲመጣ ግን ይንቀጠቀጣል። ሠራተኞቹ ኃላፊውን «ፀጥታ» ይሉታል፤ እሱ በደረሰበት ወሬ ይሞታል።

ሰሞኑን ቀለም በራሱ የሚቀምም ማሽን ሊገባ ነው ተባለ። ቀማሚው እንቅልፍ አጣ። ልጆቹ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ እሱም ሌላ ሙያ አያውቅም። የእህቱ ልጅ ስልኩን ተቀበለችና ባለሙያዎች የሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ የራሱን ገጽ ከፈተችለት።

«አጎቴ፣ አሁን ሥራ የሚገኘው እዚህ ነው። በሰው በሰው መፈለግ ቀረ።»

«ይሄስ በሰው በሰው አይደል እንዴ?»

«ነው። ግን ሰውየውን ማወቅ የለብህም!»

እሷ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ሠርግ የተጠራ ይመስላል። ሁሉም ከረባት አስሯል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ከሥራ የተባረረው ሳይቀር ያመሰግናል። የፈራ ሰው ግን አንድም የለም። «ወይ እነዚህ ይዋሻሉ፣ ወይ የፈራሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለ በልቡ።

ለሌላ ማተሚያ ቤት ማመልከቻ ላከ። ፀጥታ ቢሰማስ? ሌላ ሳያገኝ ቢያስወጣውስ? ፀጥታም እዚያው ድረ ገጽ ላይ አለ፤ የሰማው ነገር ይኖር እንደሆነ ብሎ ገጹን ከፍቶ አየ። ምንም የለም፤ ተረጋጋ። በማግስቱም አየ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሽንት ቤት ገብቶም አየ። ጨለማ ውስጥ ቆሞ መብራት የበራበትን ቤት በመስኮት እንደማየት ነበር የቆጠረው።

አንድ ጠዋት ፀጥታ ቢሮው አስጠራውና በሩን ቆለፈ።

«ማነው የላከህ?»

«ወዴት፣ ጌታዬ?»

«አትቀልድ! በየቀኑ ገጼን ትከፍታለህ። ድረ ገጹ ይነግረኛል እኮ፤ ስምህን ከነፎቶህ ያመጣልኛል!»

ቀማሚው ግድግዳ ጆሮ እንዳለው ያውቃል፤ መስኮቱ ከወዲያም እንደሚያሳይ ግን የነገረው አልነበረም። ስለ ማመልከቻው ሊናዘዝ አፉን ሲከፍት ዓይኑ የኃላፊው እጅ ላይ አረፈ። እስክሪብቶ ይዟል። እስክሪብቶው ይንቀጠቀጣል።

«የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ነው የላከህ፣ አይደል?» አለ ፀጥታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሊያባርረኝ ነው። ተከታተለው ብሎሃል። እባክህ ወንድሜ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።»

እውነቱን ቢናገር ከሥራው ይወጣል፤ ዝም ካለ ሰላይ ነው። ቀማሚው ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ፀጥታ ቀድሞ ሰላም ይለዋል፤ ወንበር ሳይቀር ይስብለታል። ይህን ያዩ ባልደረቦቹ ግን ይሸሹት ጀመር። አሁን እሱ ሲገባ ነው ወሬ የሚሞተው።

እሑድ የእህቱ ልጅ ስልኩን እያየች ጮኸች።

«አጎቴ፣ እንኳን ደስ አለህ! ትልቅ ሰው ገጽህን አይቶታል!»

«ማን?»

ስልኩን አዞረችለት። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ከረባት አስሮ ፈገግ ብሏል። ፀጥታ ሄዶ ጠይቆት ይሆን?

«ክፈተው እንጂ፤ አንተም እየው!»

ቀማሚው እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ።