የሞፖ ጥርስና የጫልቱ ሻሽ

የልጅ ልጄ አፍ መፍታቷን የሰማሁት እሑድ ጠዋት ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ፣ ስልኬ ላይ በመጣች አጭር ቪዲዮ። ሶልያና፣ ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው ቤታቸው ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጣ፣ ሐምራዊ ፀጉር ያለው አንድ ፍጥረት በእግሮቿ መሃል አስቀምጣ፣ ሁለት ጆሮዎቹን እንደ ሞተር ሳይክል መሪ ጨብጣ "ሞፖ!" ትላለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከእልልታው መሃል የአንዷን ድምፅ ለይቼ አወቅሁት፤ የልጄ የማርታ አማት ወይዘሮ ብዙነሽ ናቸው። "ሞፖን ከገበያ መርጬ ያመጣሁት እኔ! ለእኔም እልል በሉልኝ እንጂ!" ይላሉ፤ ሰዉም ይስቅላቸዋል።

ሞፖ ማለት የዘንድሮ ልጆች ካበዱለት የካርቱን ፊልም የወጣ አሻንጉሊት ነው። ዓይኖቹ የሻይ ሰሃን ያህላሉ፣ አፉ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተቀዷል፣ በአፉም ውስጥ ሁለት ረድፍ ጥርስ ተገጥግጦበታል፤ ሆዱን ሲጫኑት ደግሞ በማላውቀው ቋንቋ ይዘፍናል። ጅማ ላይ ከሱቅ መደርደሪያ አልፎ ባጃጅ መስታወት ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሎ ይሄዳል አሉኝ። እኔ ያለሁት ኖርዌይ ነው፣ በርገን፤ ከዝናቧ በቀር ጅማን የሚመስል ነገር የሌላት ከተማ። ሶልያና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ከጀመረች አንስቶ በየእሑዱ ፊቴን ስልኩ ላይ ለጥፌ "እምዬ በይ፣ እም-ዬ" ስል ከርሜአለሁ። ጥርሳሙ ቀደመኝ።

ለማርታ እንኳን ደስ አለሽ አላልኳትም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የጻፍኩላት "ይህ ነገር ለዚህ ዕድሜ አይሆንም" ብዬ ነው። ሥራዬ ሕፃናት መዋያ ውስጥ ነውና ባዶ እጄን አልተሟገትኩም። እኛ ዘንድ በመጸዳጃ ወረቀት እንብርት፣ ማለቴ ወረቀቱ በሚጠቀለልበት ካርቶን ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እጅ አይገባም። ዓይኑ ቢነቀልስ? ባትሪው ቢወጣስ? ፀጉሩ ጉሮሮዋ ውስጥ ቢገባስ? ፊልሙስ ቢሆን ለትልልቅ ልጆች የተሠራ አይደለም ወይ? ይህን ሁሉ ከደረደርኩ በኋላ የልቤን አስከተልኩ፤ ሕፃን ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው ጥርስ መሆን አለበት? ደግሞስ ባዶ ሆድ የሚዘፍነው ምን ስለገባበት ነው?

ማርታ በድምፅ መለሰችልኝ፤ አስተማሪ ስለሆነች ስትመልስ ጣቷን እያጠፈች እንደምትቆጥር ከድምፅዋም ያስታውቃል። "እማ፣ ዓይኑ በክር የተጠለፈ ነው፣ አይነቀልም። ባትሪው በብሎን የታሰረ ነበር፣ ዘፈኑ ሲያሰለቸን እሱንም አውጥተን ጥለነዋል። ጥርሱ ስፖንጅ ነው፣ ፀጉሩንም እኔ ራሴ ጎትቼ አይቼዋለሁ። ፊልሙን አላየችም፣ ስሙን ከጎረቤት ልጆች ነው የሰማችው። ሌላስ?"

ሌላው እኔው ነበርኩ። ወይዘሮ ብዙነሽ ልጅቷን ሲያዝሉ ትከሻቸው ላይ በምትተፋው ወተት ቀናሁ። ቀኝ ጆሮዋ ሲያሳክካት በየትኛው ጣት እንደምታሸው ያውቃሉ፤ እኔ የማውቃት ስልክ ላይ ጠፍጣፋ ሆና፣ መስታወት ስትሆን ብቻ ነው። በሞፖም ቀናሁ፤ ጉንጯን የምታሳርፈው እሱ ላይ ነው። ዳዊቴን ስደግም ሐምራዊ ፀጉር በመስመሩ መሃል ውልብ ይልብኛል። በስፖንጅ ጥርስ የሚቀና ሰው ለንስሐ አባቱ ምን ብሎ ይናገራል?

ሰኞ ሥራ ገብቼ የልጆቹን የጨርቅ አሻንጉሊቶች ከማጠቢያ ማሽን አውጥቼ ሳሰጣ፣ አንዷ አህያ ውስጧ ሳይደርቅ ቀርቶ ኖሮ፣ ያ እርጥብ ጨርቅ የሚሸተው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ወዲያው አህያዋን እንደያዝኩ ጅማ፣ ልጅ ሆኜ ባደግሁበት ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ በእኛ ቤትና በጎረቤታችን በአዴ ዘሃራ ቤት መካከል ያለው አጥር ሥር ቆምኩ።

አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርና ከደብረ ብርሃን ወደ ጅማ ተዛውሮ የተከራየው ቤት ከአዴ ዘሃራ ግቢ ጋር የተጎራበተ ነበር፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። በመካከላችን ያለው አጥር በእርጥብ እንጨት የታጠረ ስለነበር፣ የጅማ ዝናብ አልለቅ ብሎት ሥር ሰደደ፣ ቅጠል አወጣ፤ እናቴ "እዚህ አገር የሞተ እንጨት እንኳ አርፎ አይተኛም" እያለች ትገረም ነበር። አጥሩ ላይ የእኔን ትከሻ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። በዚያች ቀዳዳ ጠዋት ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ። የአዴ ዘሃራ ባለቤት በአጋሮ መንገድ በኩል ካለ የቡና መቀሸሪያ ይሠሩ ስለነበር፣ ግቢያቸው ከቡናው በተራገፈ ደረቅ ገለባ በተሞላ ጆንያ ተከብቦ ይኖር ነበር፤ ያነዱታል፣ ትራስ ይሞሉበታል፣ እኔንም ሲያስቀምጡኝ እንደ ወንበር ያገለግላል። ከዚያ ገለባና ከልብስ ሰፊ ቤት ከተለቀመ ቁርጥራጭ ነው አዴ ዘሃራ ጫልቱን የሠሩልኝ።

ጫልቱ ፊት አልነበራትም። ክብ ራስ፣ ሁለት እጅ፣ ከወገቧ በታች ቀሚስ፤ ፊቷ ላይ ግን ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ብቻ። አዴ ዘሃራ ፊት መሥራት የአላህ ሥራ ነው፣ እኔ አልጋፋም ብለውኛል። እኔም ቅር አላለኝም፤ ስታለቅስም ስትስቅም እንደፈለግሁ አደርጋታለሁ። ስታቅፏት እንደ ደረቅ ቅጠል ትንሿሿለች። በክረምት እርጥበት ይገባትና ያን የታፈነ የቡና ሽታ ትሸታለች፣ ምድጃ ዳር አስቀምጠን እያገላበጥን እናደርቃታለን። ገለባው እየደቀቀ ሲሄድ ሆዷ ይሟሽሽና ትከሳለች፤ ቡና የሚለቀምበት ወራት ሲመጣ አዴ ዘሃራ ጎኗን ፈትተው በአዲስ ገለባ ይሞሏትና እንደገና ትወፍራለች። ጾም የምትይዝ ክርስቲያን ትመስለኝ ነበር።

እናቴ ጫልቱን አልወደደቻትም። ምክንያቷ ብዙ ነበር። ፊት የሌለው ነገር ሕፃን ያስደነግጣል፤ ባዶ ፊት ያገኘ ክፉ መንፈስ ቤቴ ብሎ ይገባል፤ ገለባው ትል ያመጣል። ዛሬ ሳስበው የእናቴ ክስ "ፊት የለውም" ነበር፣ የእኔ ክስ ደግሞ "ፊቱ በዛ" ነው፤ ከዚያ በቀር ቃል በቃል አንድ ነው። በዚያ ዕድሜዬ ግን ክሱ አልገባኝም፤ የገባኝ እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ስትጣራ ከአዴ ዘሃራ ጭን አልነሳ ስላት፣ በአጥሩ ላይ "እንግዲያው እዚያው እደሪላት! ወልዳሻለች መሰል!" ማለቷ ነው። አገሯን ለቃ፣ ከሰላምታ በላይ ኦሮምኛ ሳትችል፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ ያላት አንድ ልጅ በአጥር ቀዳዳ ስታልቅባት ምን እንደሚሰማት ያወቅሁት በዚህ እሑድ ነው።

አንድ ጊዜ አዴ ዘሃራ ለቅሶ ለመድረስ አጋሮ ሄደው ሰነበቱ። እናቴ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። ጫልቱን ጭኗ ላይ አስተኛቻት፣ መርፌዋን አወጣች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች በጥቁር ሁለት ዓይን፣ በቀይ ከንፈር፣ ረዘም አድርጋም አፍንጫ ጠለፈችላት። ግንባሯ ላይ ደግሞ በሰማያዊ ክር መስቀል፣ ልክ የራሷ ግንባር ላይ እንዳለው ንቅሳት። "አሁን ሰው ሆነች፤ ስሟም ብርሃኔ ነው" አለችኝ። እኔ ሁለቱንም ላለማጣት ጫልቱ ብርሃኔ ብዬ ስጠራት ጊዜ የአባት ስም ያላት ትልቅ ሴት መሰለች።

አዴ ዘሃራ ሲመለሱ አሻንጉሊቷን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ፣ ሆዴ ተነፍቶ በቀዳዳዋ ገባሁ። ካዩዋት ይጥሏታል፣ ከጣሏት እኔም ያቺን ቀዳዳ አላልፍባትም ብዬ ነው የማስበው።

"ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ። ጫልቱ አመማት እንዴ፣ ምነው ተደበቀች?"

አወጣኋት። አዴ ዘሃራ ተቀበሉኝና ፊቷን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ከአጥሩ ሥር የእናቴ እግር ይታየኛል፤ ልብስ የምታሰጣ መስላ ቆማለች፣ ገመዱ ላይ ግን አንድም ልብስ አልነበረም። አዴ ዘሃራም እግሩን አይተውታል መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ያ ረቢ! የማን ልጅ ናት ይቺ? አፍንጫዋ የእናትሽን ወጥቷል!"

አዴ ዘሃራ ከራሳቸው ላይ ቢጫ ሻሻቸውን አውርደው ከዳሩ ቀደዱ፣ ቁራጩንም ጫልቱ ግንባር ላይ፣ ከመስቀሉ በላይ ሰፉት፤ ሲወርድ ፊቷን ይጋርዳል፣ ሲገለበጥ ፊቷ ይታያል። "እኔ ቤት ስትገባ ትከናነባለች፣ እናትሽ ቤት ስትገባ ትገለጣለች። እኔም አልኮነን፣ እናትሽም አትቅና።"

"ማን ቀና!" አለች እናቴ ከወዲያ።

"አጥሩ ነዋ!" አሉ አዴ ዘሃራ። "ቀንቶ ቀንቶ ነው እኮ ቅጠል ያወጣው!"

እናቴ ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቋን ለመደበቅ የሄደችበትን የእግር ኮቴ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቡና በተለቀመ ቁጥር ጫልቱን የሚሞሏት ሁለቱ ሆኑ፤ አንዷ የተፈታውን ጎኗን በጣቷ ትይዛለች፣ ሌላዋ ትሰፋለች፣ እኔ ገለባ አቀብላለሁ። እናቴ ኦሮምኛ የተማረችው በዚያ ሥራ ላይ ነው። ተጣልተው የማያውቁ እንዳይመስላችሁ፤ በስፌቱ ጥብቀት ብቻ ስንት ጊዜ ተኮራርፈዋል።

አሁን ሁለቱም የሉም፤ ነፍሳቸውን በደጉ ቦታ ያኑርልን። ጫልቱ የት እንደቀረች አላውቅም፤ ከአንዱ ክረምት ወዲህ ትዝ አትለኝም፣ ልጅ ስታድግ መጨረሻ ያቀፈችበትን ቀን ልብ አትልም። ማርታ ባለፈው በዚያ አልፋ ነበር፤ አጥሩ የብሎኬት ግንብ ሆኗል፣ አናቱ ላይ ጠርሙስ ተሰክቶበታል አለችኝ። ብሎኬት ደግሞ ቅጠል አያወጣም። ያጣሁትን ስመዝን ከአሻንጉሊቷ ይልቅ የምትከብድብኝ ያቺ ትከሻዬን የምታህል የአጥር ቀዳዳ ናት፤ እኔና ሶልያና መካከል ያለው ባሕር ምንም ቀዳዳ የለውም።

እንግዲህ ሶልያና አፍ የፈታች ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ እልል ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሞፖን ጣሉት አልልም። ወደ ጅማ በሚመጣ ሰው እጅ ከቅዳሴ ነጠላዬ ጥለት የቆረጥኳትን፣ መዳፍ የማትሞላ ቁራጭ ልኬላችኋለሁ። እንዳታስሩት፣ ስፉት፤ ሕፃን አጠገብ የሚንጠለጠል ነገር አይደረግም፣ ይህን የምለው በሥራዬ ነው። የሞፖ ግንባር ላይ ስፉልኝ፣ ሲወርድ ጥርሱን እንዲጋርድ። በሌላው ቀን ተገልጦ እንደልቡ ይሳቅ፣ እኔ እሑድ ስደውል ግን አውርዱልኝ፤ ጥርሱን ገና አልቻልኩትም። ሶልያናም ጨርቁን ይዛ ምንድን ነው ብላ ቀና ስትል፣ የእምዬ ነው በሏት።

ወይዘሮ ብዙነሽ፣ መርፌውን እርስዎ ይያዙልኝ።