በካሤ እርሻ ላይ የወደቀው ጆንያ

እንደ እኔ ያለ፣ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ሰው ለመጻፍ መነሳቱ ድፍረት ነውና ይቅር በሉኝ። የተጣመመውን አቃንታችሁ አንብቡልኝ። የአገኘሁሽን ነገር የተማረ ሰው ይጽፈዋል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ የጻፈው ጠፋ።

አገኘሁሽ ሰቆጣ ገበያ ውስጥ በርበሬና ጨው ትቸረችራለች። የተወለደችው ደሃና ነው። ልጅ ሳለች፣ የዛሬ አርባ ዓመት ግድም በነበረው ጦርነት ጊዜ፣ አባቷ ካሤ በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ሲያርስ፣ ለተከበበ ጦር እህል የሚጥል አውሮፕላን አንዱን ጆንያ በጎረቤትየው በሬ ላይ ጣለው። በሬው ወገቡ ተሰብሮ ሲያጣጥር፣ በክት ሆኖ እንዳይቀር ካሤ ቢላዋ አውጥቶ ባረከው። የተዘረገፈውን እህል ወታደሮች መጥተው ለቅመው ከነጆንያው ወሰዱት። ስለዚህ ባለበሬው ሲደርስ ያገኘው አንገቱ የታረደ በሬውን ብቻ ነው።

"ርቦህ አርደኸው ስታበቃ በአውሮፕላን ታሳብባለህ?" አለው።

ካሤ 'በሬ በላው' ሲባል ኖሮ ሞተ።

ዘንድሮ ከሰቆጣ ዳር ባለው ሜዳ የአየር ትርኢት ይደረጋል፣ በዚያ ጦርነት እህል ይጥሉ የነበሩ ሻምበል ደሞዝ የሚባሉ ሽማግሌ አብራሪም ይገኛሉ ተባለ። አገኘሁሽ ከሻምበሉ አፍ ይስማ ብላ የባለበሬውን ልጅ ፋንታሁንን ከቆርቆሮ ሱቁ እየነዘነዘች ይዛው ሄደች።

"አርባ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። ምናለ ብትተይው?"

"እናትህ ትታዋለች? ባየችኝ ቁጥር 'የበሬ በላው ልጅ' ትለኝ የለ።"

ሻምበሉ ድንኳን ስር ተቀምጠዋል።

"አባቴ፣ ደሃና ላይ እህል ጥለው ያውቃሉ?"

"ኦጋዴን ሳለን..." ብለው ጀመሩ። ቆይታ ደግማ ጠየቀች። አሁንም ኦጋዴን። በሦስተኛው አንዱ ፎቶ ልነሳ ብሎ መሀላቸው ገባ። በአራተኛው የትርኢቱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከላይ እየተገለባበጡ ጆሮ ደፈኑ።

"እኔ ሱቄን ጥዬ ነው የመጣሁት" አለ ፋንታሁን። "አንቺ ከሻምበሉ ጋር ኦጋዴን ዝመቺ።" ጥሏት ሄደ።

እሱ ዞር ከማለቱ ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ደሃና ነው ያልሽው? አንድ ጆንያ ስቶብኝ እርሻ ላይ ወድቋል። ዞሬ ስመለስ አንድ በሬ ተጋድሟል፣ እህሉ አጠገቡ ተዘርግፏል። አራሹ ድንጋይ አነሳና ወረወረብኝ። በአውሮፕላን ላይ፣ አስቢው። አልደረሰብኝም።" እስኪያስላቸው ሳቁ።

አገኘሁሽ አልሳቀችም። የድንጋዩን ነገር አባቷ ነግሯት አያውቅም።

"ቅድም አብሮኝ የመጣው ሰው እዚህ ቆሞ ስለምንዎ ምናለ ቢናገሩት?"

"ቅድም ኦጋዴን ነበርን እኮ ልጄ።"

ፋንታሁን ጋ ደውላ የሰማችውን ነገረችው። "አንቺን ደስ እንዲልሽ ብለው ነው" አላት። "ሽማግሌ የጠየቁትን ሁሉ አዎ ይላል።" ስልኩን ዘጋው። ዘወር ስትል ሻምበሉንም አስተናጋጆቹ ይዘዋቸው ሄደዋል።

በማግስቱ ጠዋት መደቧን ሳትዘረጋ፣ ሻምበሉ ያደሩበት ሆቴል በር ላይ ባጃጅ አስቁማ ጠበቀች። ብቅ ሲሉ ክንዳቸውን ደግፋ አስገባቻቸው።

"ቁርስ አልበላሁም እኮ።"

"እነፋንታሁን ቤት ይበላሉ።"

"እነማን ናቸው?"

"ባለበሬዎቹ።"

"ይቆጡኝ ይሆን?"

"ይቆጡዎታል" አለች አገኘሁሽ። "እኔን ሲቆጡኝ ኖረዋል፣ አሁን ተራው የእርስዎ ነው።" አጠገባቸው ገብታ ተቀመጠችና ባለባጃጁን ንዳ አለችው።