ሙላት ሐይቁን ያየበት እሑድ

ያን ቅዳሜ ማለዳ በብስክሌት ከሚዛን ተፈሪ የተነሳነው አራት ነበርን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በላይነህ፣ የባሕር ዳር ልጅ። ሁለተኛው አብሮ አደጌ ሙላት ነው፤ ከባሕር ዳር አብረን ነው የመጣነው። ሦስተኛው ከድር ነው፤ አባቱ ገበያው ዳር ሱቅ አላቸው፣ የሱቁን ዕቃ መጫኛ ብስክሌት ለምኖ ነበር ያመጣው። አራተኛው መምህር ጳውሎስ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ መንገዱን የሚያውቅልን። ያስጠጉን አቶ ሽኩርም ሸኙን ማለት ይቻላል፤ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ «መቼም ለሽርሽር ብሎ ወገቡን የሚሰብር ሰው ዛሬ አየሁ» ብለው ገቡ።

ባሕር ዳር ላላችሁት፣ እንደኛው ከያላችሁበት ተነስታችሁ ወደዚህ የቡና አገር ለመጣችሁትም ከመነሻው ልንገራችሁ። እኔና ሙላት ከቤታችን የወጣነው አፈሳው በጠናበት ዓመት ነው። ወጣት ከመንገድ እየተለቀመ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከማሠልጠኛ ወደ ግንባር ይሄድ ነበር። በቡና ሥራ የተመዘገበ አይነካም የሚባል ወሬ ሰማን፤ ወሬውም እውነት ሆኖ ነው ያገኘነው። ብስክሌቶቻችንን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስረን ስንነሳ የሙላት እናት እማማ ጥሩዬ ያለቀሱት ልጃቸውን አቅፈው አልነበረም። «ይህን ብረት ምን ሊሆናችሁ ነው የምትጭኑት?» እያሉ ወደ ጣሪያው እያዩ ነበር። ያው ጥያቄ ከጅማ ወዲህ ኬላ ላይ ጠበቀን።

«ይህ ምንድን ነው?» አለን ፈታሹ።

«ብስክሌት ነው ጓድ።»

«ብስክሌት መሆኑን አላጣሁትም። ወዴት ነው?»

«ሚዛን።»

ፈታሹ ጓደኛውን ጠራው። «ና እይ፣ ሚዛን ላይ ብስክሌት ሊነዱ ነው» አለው። ከዚያ ወደኛ ዞሮ «ቁልቁለቱን እሱ ይሸከማችኋል፣ ዳገቱን እናንተ ትሸከሙታላችሁ። ግቡ፣ አልከለክላችሁም» አለን። ያልተሳሳተ ሰው ነበር።

ባሕር ዳር ብስክሌት ማለት እግር ማለት ነው። መሬቱ ለጥ ያለ፣ ዘንባባው ጥላ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ከኋላ የሚገፋ። ሚዛን ግን መንገዱ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ዝናቡም ክረምትና በጋ አይለይም። ሸሚዝ አጥበን ስንሰቅል ሳይደርቅ ይሻግታል። የኮርቻዬ ቆዳ ነጭ ሻጋታ አወጣ። የፍሬን ጎማ እዚያ ዓመት ሲያገለግለኝ የኖረው እዚህ ቁልቁለቱ በላው። እንጀራ አለ፣ ግን ከጤፉ በቆሎው ይበዛል። ጎደሬ ለመድን። የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ አፍልተው ሲሰጡን፣ መጀመሪያ ሙላት «ፍሬውን ለማን አስቀምጠው ነው ቅጠሉን የሚያጠጡን?» ብሎ አሳቀን፤ ኋላ ግን ከኔ በላይ የሚጠጣው እሱ ሆነ። የአገሩ ሰው ሲያናግራችሁ ዝግ ብሎ ነው፤ ጎጃም እንደምንጮኸው ከማዶ ማዶ መጣራት እዚህ የለም። ዛፉ ድምፅ ይውጣል።

አቶ ሽኩር ክፍላቸውን ሲሰጡን ትርፍ ቤት ያከራያሉ እንዳይባሉ ፈርተው ነበር። «ቀበሌ ከመጣ የወንድሜ ልጆች ነን በሉ» አሉን።

«ብስክሌቶቹስ?» አላቸው ሙላት። ሁለቱ ብስክሌቶች ግማሹን ክፍል ይዘውት ነበር።

«እነሱም የወንድሜ ልጆች ናቸው። ብቻ ማታ ማታ አይንጫጩ።»

ሥራ ቡና ማጠቢያ ጣቢያው አገኘን። እኔ መፈልፈያ ማሽኑን እየፈታሁ እየገጠምኩ ራሴን አስተማርኩ፤ ሙላት ገንዳው ላይ ነበር። ሥራውን አልጠላም። ማንም አልበደለውም። ግን ማታ ማታ ውሃው በገንዳው ሲወርድ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ መሳቅ ተወ። «አገር ልግባ» ማለት ጀመረ። እኔም «ትገባና ወዴት? በቀጥታ ግንባር?» እለው ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ያነሳዋል።

አንድ ቀን መምህር ጳውሎስ ከቴፒ ወደ ሜጢ በሚወስደው መንገድ፣ ጫካው ውስጥ፣ ቢሻን ዋቃ የሚባል ሐይቅ እንዳለ ነገረኝ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሙላት የናፈቀው ውሃ ነው፤ ውሃውን ባሳየው ይረጋል፣ እየናፈቀው ሲመጣ እየሄደ ያያል፣ እዚሁ ይቀራል ብዬ አሰብኩ። እዚህ ከቀረ ይተርፋል። ሌላ ዓላማ አልነበረኝም።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ብዕሩን ይዘው «ለምን ጉዳይ?» አሉኝ።

«ሐይቅ ለማየት።»

«ሐይቁን አይታችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ምንም። አይተን እንመለሳለን።»

«አንተ ልጅ፣ ‹ምንም› ብዬ ማኅተም ልምታበት?»

አሰቡ፣ አሰቡና «ለስፖርት» ብለው ጻፉልኝ።

ወሩ ጥር ነበር፣ ዝናቡ ትንሽ ፋታ የሰጠበት። ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር ከሚዛን እስከ ሸኮ አንድም የጭነት መኪና አልገጠመንም። ያን መንገድ በመኪና የምታውቁት አታውቁትም። አቧራ ሳይኖር፣ ሞተር ሳይጮህ፣ ሰንሰለቱ ሲሽከረከር ብቻ እየሰማችሁ ስትወርዱ ጉሬዛዎቹ ከላይ ቅርንጫፍ እየለወጡ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። ከዛፍ ጥላ ወጥታችሁ ፀሐይ ስትመታችሁ፣ መልሳችሁ ጥላ ስትገቡ፣ ቅዝቃዜው እንደ ውሃ ነው። ዳገት ላይ ከብስክሌቱ እየወረድን ገፋን። ከድር ዕቃ መጫኛው ላይ አንድ ዘለላ ሙዝ አስሮ ስለነበር በየዳገቱ «ጭነት ልቀንስ» እያለ ይበላል። ሙላት ሳቀ። እውነት እላችኋለሁ፣ ሸኮ ላይ ሳቀ። ወደ ቴፒ ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ፤ ሙላት ሸሚዙን ከፍቶ «ይኸ ደግሞ የባሕር ዳር ሙቀት ነው» አለኝ። ተሳካልኝ አልኩ በልቤ።

ቴፒ አድረን እሑድ ማለዳ ቀጠልን። እሑድ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ መኪና መንዳት የተከለከለበት ቀን ነበርና መንገዱ የኛ ብቻ ነበር። ሐይቁ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር የኔ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጠብቁኝ ማለት እችል ነበር። «ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» አልኳቸው። የውስጡን ጎማ አውጥቼ፣ ቀዳዳውን ፈልጌ፣ ፍቄ ማስቲሽ ቀባሁት። ማስቲሹ በደንብ ሳይደርቅ የሚለጥፍ ሰው አልወድም፤ ስለዚህ ጠበቅሁ። ከለጠፍኩም በኋላ በእጄ ጨብጬ ቆየሁ። ያን ያህል መጠንቀቅ አያስፈልግም ነበር።

ስደርስ ሙላት ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ እግሩን ውሃው ውስጥ አድርጎ ተቀምጧል። ጳውሎስ ከጎኑ ነው። ከድር ከኋላቸው ቆሟል፣ ሙዝ ይዟል ግን አይበላም። ሐይቁ ትንሽ ነው፣ ክብ ነው። ጫካው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ወርዷል፤ ውሃውም የጫካው መልክ ይዞ አረንጓዴ ሆኗል። ማዕበል የለውም።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አልኩት።

ሳይዞር «በላይ፣ በዚህ ሳምንት አገሬ እገባለሁ» አለኝ።

«ይኸው ሐይቅ አይደለም እንዴ ያሳየሁህ!»

«የታል ታንኳው? የታል ዓሣ የሚያራግፈው? ከማዶ ማን ነው የሚጣራው?»

«እኔ ማዶ ዞሬ ልጣራልህ» አለ ከድር። ማንም አልሳቀም።

«ያፍሱሃል ሙላት።»

«ያፍሱኝ።»

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ከጎኑ እየነዳሁ «ምን አገኘህ? ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። ፔዳሉን እየረገጠ ወደ ፊት ብቻ ያያል። ሐሙስ ዕለት ብስክሌቱን አስጭኖ ሄደ። አገር ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ብስክሌቱን እየነዳ ሳለ ከመንገድ አስወርደው ወሰዱት። ከማሠልጠኛው ወደ ሰሜን እንደተላከ ሰማን። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማንም። መንግሥቱ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ስንቱ በእግሩ እየተጓዘ ቤቱ ገባ። ሙላት አልገባም።

ባለፈው ወር ቴሌ ሄጄ ባሕር ዳር ደወልኩ። የእማማ ጥሩዬ ጎረቤት ስልክ አላት፤ ጠርታ አቀረበችልኝ። ድምፃቸው ርቋል።

«በላይዬ፣ ልጄ፣ እዚያ ዝናቡ እንዴት ነው?» አሉኝ መጀመሪያ።

«ይዘንባል እማማ።»

«እኔ ነኝ ሙላትን የጠራሁት» አሉኝ። «በዚያ ጥር ወደ እናንተ ለሚመጣ ሹፌር ቆሎ ስሰጠው፣ ልጄን ‹ናፍቀኸኛል፣ ዓይንህን ልየው› ብላለች በለው አልኩት። አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ልጄ እዚያው ጫካው ውስጥ ነበር።»

«አይደለም እማማ። ሐይቁ ነው።»

«የምን ሐይቅ?»

ነገርኳቸው። እንዳሰብኩት፣ እንደወሰድኩት፣ ውሃው ናፍቆቱን ያስታግሰዋል ብዬ ሳስብ እንዳባሰበት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ውሃ አይቶ ሰው ተነስቶ ይሄዳል?» አሉኝ። «ልታጽናናኝ ነው። እሱ ራሱ በአፉ ብሎሃል? ሐይቁ ነው ብሎሃል?»

ብሎኛል ማለት እችል ነበር። አላልኩም። መስመሩ ተቋረጠ።

የቆሎው መልእክት በዚያ ሳምንት ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም፤ ደርሶት ከነበረም አላሳየኝም። ሐይቁ ዳር ስደርስ ነገሩ ተቆርጦ ነበር። እኔ ጎማ ጨብጬ በተቀመጥኩበት ጊዜ ምን እንደተባለ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ከድር፣ አዲስ አበባ ነው ያለኸው ብለውኛል። ጳውሎስ፣ ማጂ ተዛውረሃል፤ እዚያም ታስተምራለህ። ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ እኔ ያልነበርኩበትን ሙሉልኝ። ሙላት መጀመሪያ ምን አለ? ጫማውን ያወለቀው ከመናገሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እናቱን አንስቷል? ያጎደልኩት ካለ፣ የተሳሳትኩትም ካለ አርሙኝ። ይከፋዋል ብላችሁ ቃል አትለውጡ።

የሚሄድበት ምክንያት ብሎ ያነሳው ሐይቁን ከሆነ፣ በማግስቱ ቴሌ እሄዳለሁ። እናቱን ከሆነም ጻፉልኝ። ያን ጊዜ ስልኩን አንስቼ ለእማማ ጥሩዬ ምን እንደምላቸው ግን ገና አላውቅም።