ሴልቤ ፋይ የልጇን ሥራ ያየችበት እሑድ

ሴልቤ ፋይ ነፋስን አታምንም። ባሏ ዎሊ በባሕር ዳሯ ከተማ በምቡር ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አንድ የመጋቢት ጠዋት ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በጀልባ ወጣ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ፣ ከሦስቱ አንድም አልተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዓሣ እያጨሰች ሁለት ልጆቿን አሳደገች። አሁንም ማለዳ ከቤት ስትወጣ ቀድማ የምታየው ጭሱ ወደየት እንደሚያዘነብል ነው።

ልጇ ዲቦር በስተሰሜን፣ ባሕሩ ዳር ከተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ዘንድ ሥራ አገኘሁ ስትላትም ስለ ደመወዙ አልጠየቀችም።

"ማማው ላይ ትወጫለሽ?" ነበር ያለቻት።

"ኧረ እማ፣ እኔ ቢሮ ነኝ። ወረቀት ነው የምጽፈው።"

ሴልቤ አመነች። ለጎረቤትም ልጄ ቢሮ ናት እያለች ሁለት ዓመት አወራች።

መሥሪያ ቤቱ ቤተሰብ እንዲጎበኝ የጠራበት እሑድ ደረሰ። የጥሪውን ወሬ ያመጣው ታክሲ ነጂው ልጇ ላትሱክ ነው። "ሳትሰማ ሄደን እናስደንግጣት" አለ። ሴልቤ ሩዝ በዓሣ ሠርታ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ በእግሮቿ መሀል አድርጋ ከፊት ተቀመጠች። የላትሱክ ሚስት ያንዴ ከኋላ ሆነች። አሮጌዋ ፔጆ ጉዞ ጀመረች።

ላትሱክ ሲነዳ አፉ አያርፍም ነበር። የዚያን ዕለት ግን ዝም አለ። የቲየስን ከተማ ሲያልፉ ሴልቤ ሰረቅ አድርጋ አየችው፤ መሪውን እንደ ጀማሪ በሁለት እጁ ጨብጦታል።

ከቲቫዋን ከተማ መውጫ ላይ መንገድ የሚቆጣጠር ጀንደርም፣ የጸጥታ ወታደር፣ አስቆማቸው። መንጃ ፈቃዱን አገላብጦ ፈገግ አለ።

"ፋይ! ዛሬ ደግሞ የማንን ሩዝ ልትጨርሱ ነው?"

ደረቱ ላይ ሊ የሚል ስም ተጽፏል። በቆየው ልማድ የሊ ጎሣና የፋይ ጎሣ ሰው ሲገናኙ በቀልድ ካልተሰዳደቡ ሰላምታ አይሆንም። ሌላ ቀን ቢሆን ሴልቤ "እናንተ ከብት አርቢዎችማ ወተት ብቻ እየጠጣችሁ ጥርስ መኖሩን ረስታችኋል" ብላ አፉን ታስዘጋው ነበር።

ዛሬ ግን የላትሱክ ዝምታ አሳስቧት "ልጄ፣ መንገደኞች ነን፣ ልቀቀን" አለችው።

ጀንደርሙ ፈገግታው ጠፋ። "ምነው እናቴ? ሰው ሞቶባችሁ ነው እንዴ?"

"ኧረ የለም" አለ ላትሱክ፣ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ።

የጀንደርሙ የሞት ጥያቄ ግን ከሴልቤ ጆሮ አልወጣም። ወደ ባሕሩ ሲታጠፉ በአጥሮቹ እሾህ የተያዙት ፌስታሎች ሁሉ በነፋስ ተነፍተው ወደ አንድ ወገን ይሳቡ ነበር። ስልኳን አውጥታ ዲቦር ጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግማ ደወለች።

"አታነሣም።"

"ላይ ስትሆን ስልክ አትይዝም እኮ እማማ" አለች ያንዴ ከኋላ።



"ላይ የት?" አለች ሴልቤ።

ላትሱክ መኪናዋን ጠርዝ ይዞ አቆመ። "ትወጣለች እማ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። አትንገራት ብላኝ ነው። ዛሬም እማን እንዳታመጣት ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን መዋሸቱ ሰለቸኝ።"

"አንቺም ታውቂ ነበር?" ሴልቤ ወደ ኋላ ዞረች። ያንዴ አንገቷን ደፋች።

ሴልቤ የድስቱን ጨርቅ እንደገና ጠበቅ አድርጋ አሰረች። "ንዳ።"

ሲደርሱ ተርባይኖቹ ከባሕር ዳሩ ዛፎች በላይ ይሽከረከራሉ፤ አንዱ ብቻ ቆሟል። ለእንግዳ በተተከለው ድንኳን ሙዚቃው ተዘግቷል፤ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ የቆመውን ማማ ያያል። ላትሱክ ዘበኛውን ጠየቀ። ዘበኛው የማን ቤተሰብ እንደሆኑ ሲሰማ ሳኔ የሚባለውን መሐንዲስ ጠራላቸው።

ሳኔ ሬዲዮ በእጁ ይዞ መጣ። "ዲቦር ደህና ናት እናቴ። አብረው ማማው አናት ላይ ሳሉ የሥራ ጓደኛዋ የማላንግ ትከሻ ወልቋል። አሳንሰሩ ተበላሽቷል፤ በመሰላል ደግሞ መውረድ አይችልም። በገመድ ከውጭ ልታወርደው ነው። ነፋሱ ጠንከር ስላለ ግን አንድ ሰዓት ያህል እየጠበቅን ነው፤ ይቀንሳል።"

"ማን ነው ይቀንሳል ያለው?"

"ትንበያው።"

ሴልቤ ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች። ማማው የመስጊድ ሚናሬት ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። "ይኼ የባሕር ነፋስ ነው፣ ልጄ። አሸዋው በጋለ ቁጥር ይብሳል እንጂ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይበርድም። ጀልባዎቹን እያቸው፣ ሁሉም ወደ ዳር እየሸሹ ነው። የሚወርድ ከሆነ አሁን ይውረድ።"

ሳኔ ባሕሩን አየ፣ ከዚያ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። "ዲቦር፣ እዚህ አንድ እናት ነፋሱ ይብሳል ይላሉ።"

"የማን እናት?"

ሳኔ ሴልቤን አየት አደረገ። "ያንቺ።"

 ከዚያ የዲቦር ድምፅ ቀጥኖ መጣ፦ "እማ እዚያ ናት?... እሷ ካለች ይብሳል ማለት ነው። ካልከለከልከኝ አሁኑኑ አወርደዋለሁ።"

"ቀጥዪ" አለ ሳኔ።

ከላይ አንድ ነጥብ ወጣ። እግር ያለው ነጥብ፤ በገመድ የተንጠለጠለው ማላንግ። ነፋሱ ወደ ጎን ወሰደው፣ መለሰው፣ ደግሞ ወሰደው። ሴልቤ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ምን አፌን ከፈተው? አለች በልቧ፤ ከማማው ጋር ቢላተም የገደልኩት እኔ ነኝ። የዚያ ልጅ እናትስ ከዚህ ሰው መሀል ትሆን? የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ አደባልቃ አነበነበች።

ማላንግ እንደ ወረቀት ነጥቶ መሬት ሲደርስ ሰዉ ተሯሯጠ። ሴልቤ አልተነሣችም። ዓይኗ ከማማው ሥር ካለችው ትንሽ የብረት በር ላይ ነበር። ዲቦር በውስጥ በመሰላል እየወረደች ነው፤ ብቻዋን፣ ሰው ሳያያት። በሩ አልከፈት አለ። ላትሱክ "ረጅም ነው እማ፣ ጊዜ ይወስዳል" አለ፤ የራሱ ዓይንም ግን ከበሩ አልተነቀለም።

ተከፈተ። ዲቦር ሄልሜቷን አውልቃ፣ በላብ ተጠምቃ ወጣች። እናቷ ፊት መጥታ ቆመች።

ሴልቤ እጆቿን ይዛ መዳፎቿን ገለበጠች። እንደ አጥማጅ መዳፍ ሻክረዋል።

"ወረቀቱ ይኼ ነው?"

"እማ..."

"ውሸታም" አለቻት፤ እንባዋ ቀደማት። "ነይ ብዪ፣ ሩዙ በርዷል።"

ወደ አሥር ሰዓት ነፋሱ ብሶ ድንኳኑ ተነቀለ። ፔጆዋን ከለላ አድርገው በሉ። ሴልቤ ሥራሽን ተዪ አላለችም፤ መረቅሁሽም አላለች። ሲለያዩ ብቻ፣ "ከእንግዲህ ልትወጪ ስትይ ትደውያለሽ። ከወረድሽ በኋላ አይደለም፣ ከመውጣትሽ በፊት" አለቻት።

"ከዚያ እስክወርድ ድረስ ልትጨነቂ?"

"ሳላውቅም ስጨነቅ ነው የኖርኩት።"

አሁን ዲቦር ማማ በምትወጣበት ጠዋት ሁሉ ምቡር ላይ ስልክ ይጮኻል። ሴልቤ ወሬ አታበዛም፤ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ትጠይቅና ስልኩን ትዘጋለች። ልጅቷ ወርጃለሁ ብላ እስክትደውል ድረስ ግን ዓሣውን አንዳንዴ ታሳርረዋለች።